የዓይኖቿ ቁልፎች

ስልኩ ሲጮኽ ለፍልሰታ የሚሆን ምስር እየለቀምኩ ነበር። በምኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ በርገን፣ ዝናብ ስለማይጠፋ፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። የደወለችው ወጣት ድምፅዋ ያፍራል።

«አክስቴ ጸዳለ ነዎት? እኔ የዘይነባ ልጅ ነኝ፣ ሰሚራ። ከቡታጅራ።»

ምስሩን አስቀመጥኩ። እናቷን ድንገተኛ ሕመም እንደጣላት ነገረችኝ፤ ነፍሷ ተርፋለች፣ አንደበቷ ግን ተይዟል። ከአልጋዋ ትይዩ ዓይን የሌላት ሴት ምስል ተሰቅሏል። ዘይነባ ቀኑን ሙሉ ወደ ዓይኖቹ ቦታ ትጠቁማለች።

«አውርዱልኝ ማለቷ ነው ብለን ብናወርደው አለቀሰች። መልሰን ሰቀልነው፤ አሁንም ትጠቁማለች። ደህና ሳለች ስለ ምስሉ ስንጠይቃት ‹ጸዳለ ታውቃለች› ነበር መልሷ። ምን ፈልጋ ነው አክስቴ?»

እኔ አውቃለሁ? እኔማ ያቺ ምስል ተቃጥላለች ብዬ ነበር የኖርኩት።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ ነው ቡታጅራ የገባነው። ዞን የሚለው ቃል ገና ለአፋችን አዲስ ነበር። እናቴ እዚያው ከተማ አረፈች። ከዘይነባ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ ሐዘኑ ገና አልወጣልኝም ነበር። የሥዕል መምህራችን ለወላጆች ቀን ከወዳደቀ ነገር ምስል እንድንሠራ ሲያዙን እሷ ቀድማ «እኔና ጸዲ ሴት ነው የምንሠራው» አለች።

ከመናኸሪያው ጀርባ ቆርኪ ለቀምን፤ ከጎማ ጠጋኙ የተቀደደ ከመነዳሪ ለመንን። የመንደሩ ልጆች «ቁራሌው! ቁራሌዎች መጡ!» እያሉ ይከተሉን ነበር። ዘይነባ ዞር ብላ «ና፣ አንተንም በኪሎ እንግዛህ!» ስትላቸው ይበተናሉ። የምንሠራው እነዘይነባ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነበር። በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ባይሆንም የባዶው በርበሬ ጆንያ ሽታ ያስነጥሰን ነበር፤ ያንኑ ጆንያ ሳንቃ ላይ ወጥረን ፊቱን ከከመነዳሪ፣ ከንፈሩን ከቀይ ሸበጥ፣ ፀጉሩን ከቃጫ፣ ሻሹን ከተሰባበረ ሰማያዊ ሳህን ሠራነው። እናቷ እትዬ ነፊሳ ትኩስ ቆጮ ያቀርቡልናል። ረቡዕ ከሆነ «ጸዳለ፣ ያንቺ ይኸኛው ነው፣ አይብ አልነካውም» ይሉኛል። ጾሜን ከእኔ በላይ ይጠብቁልኝ ነበር።

የምስሏን ዓይን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጥቁር የካፖርት ቁልፎች፣ የእናቴ። ዘይነባ የማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በጥቁር ክር ሰፋቻቸው። ስትሰፋቸው ሴትዮዋ አየችን።

የወላጆች ቀን ዝናብ ነበር፤ ክፍሉ በሰውና በእርጥብ ልብስ ሽታ ተሞላ። መምህሩ ምስላችን ተመርጦ ወልቂጤ ለዞኑ ኤግዚቢሽን እንደሚሄድ፣ ከዚያም እዚያው እንደሚቀር ተናገሩ። ተጨበጨበ። አንዲት የሰፈራችን ሴት «እመቤቴን! እመቤቴን ቁርጥ!» ብላ ጠጋ አለችና ተሳለመችው። እኔ ደነገጥኩ፤ የተሳለመችው ሸበጥ ነው። እትዬ ነፊሳ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘይነባ እናቷን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ የእርሳስ መቅረጫ ምላጯን አውጥታ የሁለቱንም ዓይን ክር በጠሰች። ቁልፎቹን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ ከዚያ እኔ በማላውቀው ያገሩ ቋንቋ፣ በመስቃንኛ፣ አንድ ነገር አለችኝ። ከእኔ ጋር ከአማርኛ ሌላ አውርታ አታውቅም። ግማሹ ክፍል ሳቀ፤ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምንድን ነው ያለችኝ?» አልኩ ከጎኔ ያለችውን ልጅ።

«ተዪው ባክሽ፣ በአማርኛ አያምርም።»

መምህሩ «ዓይን የሌለውን ምኑን ልላከው?» ብለው ተቆጡ። ዘይነባ ምስሉን በብብቷ ይዛ ከእናቷ ጋር ዝናቡ ውስጥ ገባች። እኔ ወስደው ያቃጥሉታል ብዬ ተቀይሜ ዘጋኋት። በዚያው ክረምት አባቴ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ሳንነጋገር ተለያየን።

ወንድሜ «ቀንታ ነው» አለ። የንስሐ አባቴ ደግሞ «ዓይን ያለው ምስል በእምነታቸው አይወደድም ይሆናል፤ አትፍረጂባት» አሉኝ። አንዳንድ ቀን፣ ጸሎት ላይ ቆሜ፣ የእናቴ ቁልፎች ወልቂጤ ቀርተው እንዳይጠፉብኝ ብላ ይሆን እላለሁ። ከዚያ የክፍሉ ሳቅ ትዝ ይለኝና ያሰብኩት ሁሉ ይፈርሳል። የንግግሯ ዜማ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቃሉ ግን የለም።

ቁልፎቹ አሁንም አሉ፣ በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ። ሰሚራን ግን «እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዘይነባ ስለ እምነቷ አንስታቸው ከሆነ፣ መልሼ ብልክ የታመመች ሴት አልጋ ፊት የማትፈልገውን ዓይን መክፈቴ ነው። አደራ ሰጥታኝ ከሆነ ደግሞ እየጠቆመች የምትጠይቀኝ አደራዋን ነው፤ እኔም ይዤባት ተቀምጫለሁ።

በዚያች ክፍል የነበራችሁ፣ የሳቃችሁም ከንፈር የመጠጣችሁም፣ በአማርኛ ባያምርም ግድ የለም፤ በራሳችሁ ቋንቋ፣ እንደ ወረደ ንገሩኝ። ዘይነባ ጣቶቼን አጥፋ ምን ነበር ያለችኝ?