አክስቴ ውክልናዋን ያነሳች ቀን

አክስቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ቆርጣለች። ከመቀሱ ብዛት የቀኝ አውራ ጣቷ ጠምሟል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጣት ሰው ደንግጦ እጁን ይሰበስባል። እኔም እዚያው በጊዜያዊነት ክር እለቅማለሁ። ቤት ውስጥ ያለነው እሷ፣ እኔና ከአልጋ የማይነሳው ባሏ ነን። እሷ ከተባረረች የሚያኖረን የለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው እኔን ዝም ብላ ፈሪ ናት እንዳትሉኝ ነው።

ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ሲሆን ለነባር ሠራተኞች ትንሽ ትንሽ አክሲዮን ደርሷቸው ነበር። ለአክስቴ አሥራ ሁለት። የዓመቱ ስብሰባ በደረሰ ቁጥር አለቃችን በእነሱ ፈንታ ድምፅ የሚሰጥበትን የውክልና ወረቀት ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል። ሴቶቹ ስሙን ትተው "ፈርሚ" ነው የሚሉት። "ሥራ ፈታችሁ ምን ትሄዳላችሁ? እኔ እያለሁ!" ይላቸዋል። እነሱም ቀኝ እጃቸው መቀስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራው እንዳይቆም፣ በግራቸው ጫር ጫር ያደርጉለታል። የሚያነብ የለም።

ዘንድሮ አክስቴ ከፈረመች በኋላ ግልባጩን ቤት ይዛው መጣች።

"ደቃቅ ፊደል ዓይኔ እምቢ ብሎኛል፤ እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ከሃምሳ አክሲዮን በታች ያለው ሁሉ ድርሻውን ለትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች እንዲሸጥ፣ ዋጋውንም ቦርዱ እንዲወስን ነው የአስተዳደሩ ሐሳብ።

"በገዛ ፊርማዬ እኔኑ ሊያስወጡኝ?"

"አክስቴ፣ በናትሽ ተይው። ያባርሩሻል።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። ወረቀቱን አጠፈችና "ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለችኝ።

ቅዳሜ የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ገባን። ፊት ለፊት ሱፍ የለበሱት ትልልቆቹ ናቸው። ከእኛ ሴቶች የወረቀቱን ወሬ ሰምተው የመጡት ዘጠኝ ቢሆኑ ነው፤ እነሱም ከኋላ በሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡን አንብቦ "የምትደግፉ" ሊል ሲል አክስቴ ብድግ አለች። ቀሚሷን ጎተትኳት። እጄን መታችኝ።

"ውክልናዬን አንስቻለሁ።"

ፈርሚ ከፊት ወንበር ዞሮ "እትዬ፣ ፈርመሻል እኮ!" አላት።

"በግራ እጄ ነዋ! በቀኜ ያንተን ጨርቅ እየቆረጥኩ። አሁን ቀኝ እጄም መጥቷል።"

ሰው ሳቀ። ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ልጅ ደንቡን ገልጣ "ባለቤቱ ራሱ ከተገኘ ውክልናው ይሰረዛል" አለች። ይሄኔ ከበሩ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ ብድግ ብላ "እኔም በግራዬ ነው" አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ሱፍ ለባሾቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና "ውክልናዎቹ እስኪጣሩ ድምፅ አይሰጥም" ተባለ። ሐሳቡ ለጊዜው ቆመ።

ሌሎቹ እየተሳሳቁ ወጡ። እኔ ሰኞን እያሰብኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ጠዋት አክስቴን ቢሮ ጠሯት። ሐሳቤ እሷ ጋ ሆኖ ክሩን ትቼ ጨርቁን በጣሁ። ምሳ ሰዓት ስትመጣ የምሳ ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ቁልፍ ተካይዋ እንኳ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ምን አሉሽ?"

"ፈርሚ፣ ማነው ያነበበልሽ አለኝ።"

"ውይ! ምን አልሽው?"

"ማን ያነብልኛል፣ ራሴ ነኝ አልኩት። እስቲ ይህን አንብቢ ብሎ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኩት።"

"መነጽር መች አለሽ?"

"እሱ መች ያውቃል?" ብላ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። "ነገ ይዘሽ ነይ ብሎኛል።"

ፈርሚ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

"እኔ ነኝ ያነበብኩላት ብዬ ልንገረው?"

"ዋ! አፍሽን ያዢ። የሚባረር አንድ ሰው ይበቃል። ይልቅ ተነሺና ወደዚያ ሂጂ፣ እያየሽ ነው።"

መነሳት ፈልጌ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እግሬ እምቢ ብሎኝ እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም የተቀመጥኩት። ፈርሚ እኔን እያየ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ።