ሰይፈ ሚካኤል ያጠናው ግንብ

ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባላል። የሰይፈ ሚካኤል ጉግሳን ነገር ያየ ግን ይህን አባባል በድፍረት አይደግመውም። ይህ ሰው መከራውን ያየው ከመከበሩ የተነሳ ነው።

ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ ከሚገቡት ደረቅ ወንዞች የአንዱ ዳር ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምህንድስና ሲማር ሳያዩ አለፉ። እሱም ተመርቆ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ለሁለተኛ ዲግሪው የመረጠው ጥናት ከመሬት በታች ስለሚሠሩ መከላከያ ግንባታዎች ነበር፤ ጎርፍ የሚመክት ግንብ ከላይ ሲያዩት ሳይሆን ከሥሩ ምን ይመስላል የሚል። ጓደኞቹ "መሬት ውስጥ ምን ቀብረሃል?" እያሉ ቀለዱበት። ለጥናቱ ሩቅ አልሄደም፤ የእናቱን ግቢ ከወንዙ የሚለየውን ግንብ መረጠ።

ሰፈሩ ያንን ግንብ ይወደዋል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሲግል ጥላው ግቢው ላይ ያርፋል፤ ሰሌን ይነጠፋል፣ የጫት በርጫው ይደራል፣ ወሬው ይሞቃል። ሰይፈ ሚካኤል ከተማሪዎቹ ጋር መሬት ሰርስሮ የሚያይ፣ ጋሪ የመሰለ መሣሪያ እየገፋ ሲመጣ ቃሚዎቹ ሰሌናቸውን እየጎተቱ መንገድ ለቀቁለት፤ ቀዝቃዛ ውኃም አቀበሉት። የግንቡን እግር በየቦታው በስቶ ናሙና ወሰደ። የእናት ግቢ ቀዳድዶ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎም ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈነ። ምነው እጁን በቆረጠው! መዘዙ የመጣው ከዚያች ሲሚንቶ ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ደነገጠ። ጎርፉ ክረምት በመጣ ቁጥር ከግንቡ ሥር ያለውን አሸዋ እየጠረገ ወስዶት ኖሯል። ግንቡ ቆሟል፤ የቆመው ግን በልማድ ነው። ተሳስቼ በሆነ እያለ ደግሞ ለካ። አልተሳሳተም።

ጥናቱን ይዞ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄደ። ክፉ ሰው አልገጠመውም፤ ክፉ ቢገጥመው ተጣልቶ ይወጣለት ነበር። አዳመጡት፣ አጨበጨቡለት፣ አብረውት ፎቶ ተነሱ። ከመካከላቸው አንዱ እስከ በር ሸኝቶት፣ "ወንድሜ፣ እኔም እናት አለችኝ። በጀት የለም፤ በእጄ ምን አለ?" አለው።

እናቱ ወይዘሮ የሺአረግ ደግሞ ከቤቴ አልነቃነቅም አሉ።

"እማዬ፣ ግንቡ ሥሩ ባዶ ነው።"

"ነበር በል። አንተ አይደለህ እንዴ ሲሚንቶ የሞላኸው?"

"የሞላሁት እኔው የበሳኋትን ቀዳዳ ነው!"

"ሐኪምስ ቢሆን ወግቶ አይደል የሚያክም?"

ለካ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ግንቡ ተጠንቷል፤ ያጠናውም የጉግሳ ልጅ ነው፤ በአዲስ ሲሚንቶም ታክሟል። ሰይፈ ሚካኤል በየበሩ እየዞረ አልታከመም ቢል ትሕትናው ነው እያሉ ይበልጥ ወደዱት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የባሰው የሂባቅ መመለስ ነው። ሂባቅ ቀፊራ ገበያ ሩዝና ሽንኩርት የምትነግድ ጎረቤታቸው ናት። የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ አማቷን ከወሰደባት ወዲህ ግንቡ ሥር ያለውን ቤቷን ዘግታ ሌላ ሰፈር በኪራይ ነበር የምትኖረው። በዚህ ሁሉ ዓመት ልመናም የኪራይ ቤቱ ሙቀትም አልመለሳትም። የዩኒቨርሲቲ ጥናት መለሳት። በቅርብ የወለደች ልጇን ሰምሰምን ከነጨቅላዋ ይዛ፣ ቁልፏን ከፍታ ገባች።

ሰይፈ ሚካኤል ይህን ሲሰማ ቀፊራ ድረስ ወረደ። ንግግር እንደማያዋጣ አሁን ገብቶታል። ቁልል ሩዟ ፊት ቁጢጥ አለና ከሥር በኩል በእፍኙ ዛቀ። ከላይ ያለው ተንሸራተተ። ደግሞ ዛቀ። ቁልሉ ተናደና መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ዋርያ! ሩዜን!" ብላ ጮኸች ሂባቅ።

"ግንቡ እንደዚህ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ውጪ።"

ሂባቅ የፈሰሰውን ሩዝ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። ምናልባት አማቷ ትዝ ብለዋት ይሆናል። "ወላሂ ገባኝ፤ ቅዳሜ እወጣለሁ፤ ሰምሰምንም ይዣት እወጣለሁ" አለች።

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቢያንስ አንድ ሰው ሰማኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀሪ ጭንቀቱ የእናቱ ብቻ ሆነ። እሳቸው እንደሆነ አይወጡም። ጉልበታቸውም ታሟል፤ ጎርፉ ከሚነሳበት ደንገጎ ተራራ ላይ ዝናብ ጣለ ተብሎ ቢደወል እንኳ ሮጠው አያመልጡም። እንግዲህ አብሬያቸው ልደርና በክፉ ቀን አዝዬ ላውጣቸው ብሎ ቆረጠ። የሚኖርባትን የኪራይ ክፍል ለቀቀና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍራሹንና አልጋውን ባጃጅ ላይ አስሮ መጣ።

ሂባቅ በቃሏ ተገኝታለች። ዕቃዋ ደጅ ወጥቷል፣ ጋሪው ቆሟል፣ ሰምሰም ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሂባቅ መጀመሪያ ባጃጁን አየች፤ ቀጥላ አልጋውን፤ ከዚያ እሱን። ወዲያው ሳቋ ግቢውን ሞላው።

"አቦ ሰይፉ! አንተ ልትገባ ነው እንዴ እኔን የምታስወጣኝ?"

"ሂባቅ፣ ስሚኝ። እማዬ እምቢ ስላለችኝ ነው፤ አዝዬ ላወጣት ነው የመጣሁት። እኔም ፈርቼ ነው።"

"የፈራ ሰው ከነአልጋው ይመጣል? እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አንተ ግን ሥሩን አይተኸዋል። አንተ የምትተኛበት እኔ ምን አቅብጦኝ ነው የምሸሸው?"

"እንኳን ደህና መጣህ በሉት እንጂ!" አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ከውስጥ፣ በኩራት።

ባለጋሪው ዕቃውን መልሶ ማስገባት ጀመረ። ከማዶ ቤት አንዲት ሴት ወጥታ አልጋውን አየችና ለባሏ ልትነግር ተመለሰች። ሰይፈ ሚካኤል ዞሮ ባጃጁን ፈለገው፤ ባለባጃጁ ዕቃውን አውርዶ ሄዷል። እናቱን ጥሎ ቢሄድ እሳቸው ይሞቱበታል፤ ቢቆይ ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ሊሞት ነው። ተናግሮ አልሆነ፣ ዝም ብሎ አልሆነ። እንደዚያ ቀን አቅም አጥቶ አያውቅም።

ሰምሰም ፍራሽ ልትጎትት ስለፈለገች ሕፃኗን አምጥታ እቅፉ ውስጥ አኖረችለት። "ፀሐይ እንዳይነካት ወደ ግንቡ ጠጋ በልልኝ" አለችው።

ፀሐይዋ ከረረች። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ሰይፈ ሚካኤል እንባውን በትከሻው ጠረገና ወደ ጥላው ገባ።