አባቴ ከሞት ያስነሳት መኪና

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት መኪናችን ተነሳች...

«መኪናችን» ያልኳት አባቴ የገዛት የጭነት መኪና ናት። አምና ከመካነ ሰላም በታች ገደል ገብታ፣ ጣሪያዋ ተጨፍልቆ እዚያው ቀርታ ነበር። ባለቤቷ ከደሴ መጥቶ አያትና «ይህችስ አበቃላት» ብሎ ለአባቴ ሸጠለት። አባቴ የጨው ነጋዴ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ አስራ ስድስት በሬ ለምኖ አስጎትቶ አወጣት።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን የመዶሻ ድምፅ ተለይቶት አያውቅም። ሙሳ የሚባል መካኒክ ከደሴ መጥቶ ጣሪያዋን አውልቆ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀጠቀጠው። የተሰበረውን ባሌስትራ በእርጥብ ጠፍር ጠፈረው። ጠፍሩ ሲደርቅ ብረቱን ነክሶ ያዘው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት ስለምውል የዛገ ብሎን በላምባ ማጠብና መወልወል የኔ ሥራ ሆነ። ሥራውን ወድጄው ነበር... ብሎን ሰውን ወሬ አይጠይቅም።

ያን ቅዳሜ ሙሳ የሞተር ማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ሦስት ጊዜ አዞረ። በሦስተኛው አጓራች። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ወጡ። አባቴ ቆቡን አውልቆ ሳቀ።

በማግስቱ ሦስት ሰዎች ከከላላ በበቅሎ መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዱ ወጣት። ከበራችን ላይ ወርደው መሬት ተቀመጡ። እናቴ «ኧረ በነቢ ግቡ!» ብትል አልገቡም። ውሃ ብታቀርብ አልተቀበሉም።

የእናቴ ፊት ተለወጠ። ከሰው ደጅ ተቀምጦ ውሃ የማይቀበል፣ ደም የሚፈልግ ሰው ነው።

«አያ ሰይድ» አሉት አባቴን ሸበቶው ሽማግሌ፣ «ደማችን እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።»

«የማን ደም?»

«የወንድሜ ልጅ። መኪናዋ ገደል ስትገባ ከጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? ያኔ መች ገዛኋት? ሹፌሩን ጠይቁት እንጂ!»

«ሹፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ከደጃችን መጣ፣ አውፍ አልነው። እሷን ግን አውፍ አላልናትም።»

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም! የገዛሁት ብረት ነው!»

«ገደልክ አላልኩህም። ስማኝ...» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። «እሱም ሞተ፣ እሷም ሞተች። ተካክለን ዝም አልን። ገበያ ስንመጣ ገደሉ ውስጥ ወድቃ እያየናት ነበር የምናልፈው፣ ልባችን ይበርድ ነበር። አንተ እሷን አስነሳሃት። የኛን ልጅ ማን ያስነሳልን?»

ሙሳ ጣልቃ ገባ። «አጀብ ነው! መኪና እኮ ናት፣ ሰው የወጋ በሬ አደረጋችኋት?»

«ሰው የወጋ በሬማ ይታረዳል» አሉት። «ጠፍር አስሮ የሚያክመው የለም።»

አባቴ «የአውራጃው ዳኛ ዘንድ እንሂድ» ቢል «የዳኛ ወረቀት ደም አያደርቅም» አሉት። በመጨረሻ የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ አሊ ተጠሩ። ሁሉም ከአጥሩ ጥግ ተቀመጡ። እኔ ከመኪናዋ ጀርባ ትርፍ ብሎኖቼን ጭኔ ላይ ይዤ ነበርኩ። ማንም አላየኝም። ብዙ ጊዜ ሰው አያየኝም።

ሸህ አሊ ግራ ቀኙን ሰሙና እንዲህ አሉ፦

«መንገዱ ሁለት ነው፣ አያ ሰይድ። ወይ መኪናዋ ከነበረችበት ትመለስ። ወይ ዝምድና ይግባ። አንተ ሩቂያ አለችህ። የሟች ታናሽ ወንድም ደግሞ ይኸው አለ፣ ሚስት የለውም። ዝምድና ደም ያደርቃል።»

ሩቂያ እኔ ነኝ።

ወጣቱን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ እኔን አላየኝም። የመኪናዋን ጎማ ነበር የሚያየው።

አባቴ ዝም አለ።

አንድ ብሎን ወለወልኩ። ሁለተኛውን ወለወልኩ። አባቴ አዲስ የተቀባውን የመኪናዋን በር አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ሦስተኛውን ጨረስኩ። እናቴ ከደጃፉ «ሰይድ!» አለችው። በስሙ ጠርታው አታውቅም። አራተኛ... አምስተኛ... ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። እንባው አልመጣልኝም። የተሰማኝ እጄ ላይ ያለው የላምባ ሽታ ብቻ ነው። ሰባተኛውን ስጨርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄን አልሰጥም» አለ። «መኪናዋን እንመልሳታለን።»

ለዕርቁ ፋቲሃ ተቀራ። ሙሳ ራሱ እስከ ገደሉ አፋፍ ነዳት። ከተጠገነች ወዲህ የሄደችው መንገድ ይኸው ብቻ ነው። ደህና አድርጋ ሄደች። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ስምንት ሆነው ገፏት፤ አባቴም ወጣቱም ከገፉት ውስጥ ነበሩ። ስትወድቅ ድምፁ ረጅም ነበር። ያለቀሰው ሙሳ ነው። አባቴ አላለቀሰም።

የከላላ ሰዎች «አውፍ ብለናል፣ አላህም አውፍ ይበለን» ብለው ቤታችን ገቡ። ውሃም ጠጡ፣ ምሳም በሉ።

አሁን የጎረቤት ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር ያቅፉኛል። «አንቺ የታደልሽ! አባትሽ ላንቺ ሲል ያን ሁሉ ልፋቱን ገደል ከተተ!» ይሉኛል። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።

እውነታቸውን ነው፣ እኔን መረጠ... ስንት ብሎን ያህል ዝም እንዳለ ግን ከኔ በቀር የቆጠረ የለም።