ከኩሬው ዳር የበላኋት ቅጠል

ከብቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ወንዝ አለ። ክረምቱ ሲወጣ በዳርና ዳሩ ኩሬ እየተወ ይሸሻል። እኔ የደረቁ ዕፅዋት ተሰብስበው በሚቀመጡበት ክፍል ነው የምሠራው። የዚያን ቀን የምፈልገው ቅጠሏ ውሃ የቋጠረ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ጭቃ ላይ የምትነጠፍ የእንዳሁላ ዘመድ ነበረች። ከዚህ አገር የተወሰደ ናሙና አልነበረንም።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ይከፈት ይዘጋ ስለነበር፣ ሾፌሩ «ቶሎ በይ እህቴ፣ ሳይመሽ ሞጣ እንግባ» ብሎኝ መኪናው ዘንድ ቀረ።

አገኘኋት። ከነሥሯ በቢላ እያነሳሁ ጋዜጣ መሀል አስተኛሁ። እንዲህ ያለ ተክል ተጭኖም ቶሎ አይሞትም፤ አልኮል የያዝኩት አርሼባት ቶሎ እንድትደርቅ ነበር። ጠርሙሱን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ውሃው ላይ ምን ልታፈሺ ነው?»

የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች ዱላ ይዘው ይወርዳሉ።

«ምንም አላፈስም እናቴ፣ ይቺን ቅጠል ለማድረቅ ነው።»

«በሬዬ ትናንት ከዚህ ጠጥቶ ቤት ሳይደርስ ወድቆ ሞተ። ዛሬ ደግሞ አንቺን ሥር ስትምሺ አገኘሁሽ።»

ያደግሁት ሞጣ ነው። ሥር ማሽ፣ መርዝ ቀማሚ ከተባልኩ ምን ሊከተል እንደሚችል አላጣሁትም። መታወቂያዬን አወጣሁ፤ አንደኛው ተቀብሎኝ አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። ሌላው ጠርሙሱን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

«መርዝ ነው!»

ሾፌሩ ከላይ መውረድ ሲጀምር «እዚያው ቁም!» ብለው አስቆሙት።

ሴትዮዋ ከጋዜጣው አንዷን ተክል አንስተው ዘረጉልኝ። «መርዝ ካልሆነች እስቲ ብዪያት።»

ከተክሏ ዘመዶች መካከል ከብት የሚገድሉ አሉ። ስለዚች ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። አላውቅም ብል አበቃልኝ፤ እምቢ ብልም ያው ነው። ከነጭቃዋ አፌ ውስጥ ከተትኳት። ኮመጠጠችኝ። ዋጥኩ።

«ተቀመጪ» አሉኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ሲመታ መርዙ ጀመረ አልኩ። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ፈርቼ ነው እናቴ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቀረኝ አንድ በሬ ነው። እሱንም ከዚሁ ነው የማጠጣው። ወዴት ልውሰደው?»

ፀሐይዋ ከኩሬው ላይ እስክትሸሽ እንዲያ ተፋጠጥን። በመጨረሻ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሱ። «በቃ፣ ትሂድ። መታወቂያዋን ስጧት።»

ጎልማሶቹ አልኮሉን ከውሃው አርቀው ደፉት። ጋዜጣዬን አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ አስገባኝና ወደ ሞጣ ነዳ።

ሞጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም አውቃለሁ። ያለ ሕመም ድንገት የወደቀ በሬ ስለው ፊቱ ተለወጠ። «አባሰንጋ እንዳይሆን» አለ፤ ክትባቱን ይዞ በማግስቱ ወደ ሴትዮዋ ሰፈር ወረደ። ማታ ደውሎ፣ ጥርጣሬው እንደበረታና የቀረውን በሬ ከሰፈሩ ከብት ጋር እንደከተበ ነገረኝ።

«ሴትዮዋ ምን አሉ?» አልኩት።

«ስላንቺ ጠየቁኝ» አለ። «ያቺ ልጅ ሌሊቱን ደህና አደረች ወይ? አሉኝ።»