የአያ ወልዴ ዱቄት

ልጅ እያለሁ እንጦጦ ላይ የማይናፈጥ ሰው አልነበረም። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ጋራው ላይ ከትመው ነበርና፣ ያ ነፋስ ሹሙንም ወታደሩንም እኩል ያስነጥሰው ነበር። ያንን ጊዜ ደግ ዘመን የሚሉ ሰዎች ስሰማ እኔ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አያ ወልዴ ነው።

አያ ወልዴ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። ቅጠሉን ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግር እንደሚቆርጥ፣ ስሙን የጠየቀ ካለ ኃይሉ እንደሚጠፋ ያወራል። አድርቆ ይወቅጠውና ቆንጥሮ በሰው አፍንጫ ይነፋዋል። ሰውዬው እንባው እስኪወርድ ሲያስነጥስ፣ በሽታው ወጣ ብሎ ይኮፈሳል። ከዚያ መድኃኒቱ አብሮ እንዳይወጣ ብሎ መናፈጥ ይከለክላል። ስንት የተከበረ ሹም ንፍጡን ከንፈሩ ላይ አንጠልጥሎ የእሱን ፈቃድ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ወንድሜ ተክሌ ገና ጡት ሳይጥል አፍንጫው ተዘጋ። ጡት ይይዝና ትንፋሽ ሲያጥረው ለቆ ያለቅሳል። እናቴ ከጓሮ ዳማከሴ ልትቆርጥ ስትነሣ፣ አባቴ አያ ወልዴን እየመራ ገባ።

«ዳማከሴማ ማንኛዋም ሴት ታውቀዋለች» አለ አያ ወልዴ እየሳቀ። «ሁሉ የሚያውቀው ነገር ደግሞ መድኃኒት ነው?»

«እርስዎ እንዳሉ» አለ አባቴ።

ዱቄቱን የቋጠረበትን ጨርቅ ሲፈታ ሸተተኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል፤ የሚያሸት አፍንጫ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ያ ሁሉ ምስጢር የጓሯችን ዳማከሴ ነበር። ይህንኑ ብናገር አባቴ ጭኔን ቆነጠጠኝ።

አያ ወልዴ ቆንጥሮ ሲነፋበት ሕፃኑ አስነጠሰ፣ ንፍጡም ትንሽ ወረደ። ወዲያው ግን ዱቄቱ ከንፍጡ ጋር ተቦክቶ ደረቀና ሁለቱንም ቀዳዳ ደፈነው። አፉን ከፍቶ ይንገበገባል፤ ጡቱን ጭራሽ እምቢ አለ። ሊሞትብን ነው ብዬ ፈራሁ።

«አትንኪው፣ እየሠራ ነው» አለ አያ ወልዴ።

እናቴ አልመለሰችለትም። ጡቷን ጨምቃ ወተት አፍንጫው ውስጥ ጠብ አደረገች። የደረቀው ሲርስ አፏን ገጥማ መጠጠችና አያ ወልዴ እግር ሥር ተፋችው። ደግማ መጠጠች፣ ተፋች። ተክሌ ተነፈሰ፤ ጡቱንም ያዘ።

አያ ወልዴ እግሩን ሰብስቦ «አላልኳችሁም?» አለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመው።

ዛሬ ያን ጓሮ ባሕር ዛፍ ውጦታል፤ ከተማውም ቁልቁል ወርዷል። እናቴ ስለዚያ ቀን ሳታወራ ሞተች። ተክሌ ግን ይኸው ሸብቶም፣ ቀበና ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አያ ወልዴ ባይኖር እኔ የለሁም» ይላል። ሰሞኑን የልጅ ልጁ አፍንጫ ቢዘጋ የአያ ወልዴን ልጅ አስጠራ። ዱቄቱ ያው ነው፣ ሽታውም ያው፣ ኩራቱም ያው።

ዱቄቱ እንደ ያኔው አፍንጫውን ሲደፍነው ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብዬ ጓዳ ገባሁ፤ ጥርስ አልባ አፌንም አፍንጫው ላይ ገጥሜ መጠጥኩ። ሕፃኑ ሲረጋጋ አዋቂው ከውጭ «አላልኳችሁም?» ሲል ሰማሁት።

እኔም አልመለስኩለትም።