ለሠርጌ ስንት እስር ጸጉር ይበቃል?

መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ላይ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተስቦ ያዘኝ። ከሕመሙ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ስታቀዘቅዝ፣ አባቴ ደግሞ ገብቶ ሊያየኝ እየፈራ ከደጅ ሆኖ "እንዴት አደረች?" ሲል። ዳንኩ። የጎረቤቱ ሰው ሁሉ እየመጣ "እንኳን እግዜር ማረሽ" አለኝ። ከዳንኩ በኋላ ግን ጸጉሬ ይረግፍ ጀመር። ማበጠሪያ ሳስገባ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል፤ ስነሳ ትራሱ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ እናቴ "በየቀኑ ከሚያሳዝነን አንድ ቀን ይብቃን" ብላ የተረፈውን በመቀስ አነሳችልኝ።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ፤ ሠርጌ ጥር ላይ ነበር። እጮኛዬ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ የቄስ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀን ተቆርጧል፣ ድግሱ ተጀምሯል። ታኅሣሥ ሲገባ ጸጉሬ እንደ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሎ አንድ ጣት ያህል ደረሰ። እኔ በመስታወት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። እናቴ ግን ባየችኝ ቁጥር ትተክዛለች።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው።

"ሙሽራ ሆነሽ ስትወጪ፣ የማያውቅሽ ሰው 'ማን ሞቶባት ነው?' ሊል ነው" አለችኝ። "ከለቅሶ ቤት ወደ ሠርግ ቤት የመጣሽ ነው የምትመስዪው።"

"ሻሽ አስራለሁ።"

"በመንዝ ነፋስ? በጥር? ገና ከደጅ ስትወጪ ይወስደዋል።"

መፍትሔውን ያመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ እኛ ዘንድ ተመደበች፤ ብርዳችንን ስታማርር የምትውል፣ ሰው ግን በጣም የምትወድ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሻሼን ገለጥ አድርጋ ጣቷን በጸጉሬ ውስጥ አስገባችና "ይበቃል፤ ይጎነጎናል። ጸጉር እሰፋልሻለሁ" አለችኝ።

"ምኔ ላይ ነው የምትሰፊው?"

"አትፍሪ፣ ቆዳሽ ላይ አይደለም። ሹሩባው ላይ ነው።"

ከዚያ አስረዳችኝ። አዲስ አበባ ሱቅ የሚሸጥ ጸጉር አለ። ጫፉ በቀጭን ጥብጣብ ተሰፍቶ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ተጠቅልሎም በእስር በእስር ይሸጣል። የራስሽ ጸጉር ከማጅራት ጀምሮ ወደ ላይ ዙሪያውን በቀጭን በቀጭኑ ይጎነጎናል። ከዚያ ጥብጣቡ በመርፌና በክር በየሹሩባው ላይ ይሰፋል። እሷም ለእህቷ ሠርግ አሰፍታ ነበር፤ ሲሰፋም በደንብ አይታለች። እጮኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት ለሥልጠና አዲስ አበባ መውረዱ ነው። እሱ ይገዛዋል። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ስንት እስር?

እጮኛዬን ስንጠይቀው ዓይኑ በራ። ለዚህ ዓይነት ነገር የተፈጠረ ሰው ነው።

"በግምትማ አይገዛም" አለ። "ይለካል።"

ተማሪዎቹ የወጡበት ክፍል ገባን። ከእኔ የመርፌ ሥራ ክፍል ባመጣሁት ክር ራሴን ከጆሮ እስከ ጆሮ በማጅራት በኩል ለካ፤ ቀጥሎ ከማጅራት እስከ ግንባር። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የራሴን ቅርጽ ሣለ። ሥዕሉ ድንች ይመስል ነበር። ድንቹን ዙሪያውን በመስመር ከፋፈለው፤ መስመሮቹ ወደ ላይ ሲወጡ እያጠሩ ይሄዳሉ። ባልደረባዬ "ይኼኛው ትንሽ ይጠጋ፣ ያኛው ይራቅ" እያለች ታርመዋለች። እኔ ሻሼን በእጄ ይዤ ራሴን ገልጬ እንደቆምኩ በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ ገቡ።

ርዕሰ መምህሩ ካኪያቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ በሳቅ የማይታሙ ሰው ነበሩ። እኔ ሻሼን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ። እሳቸው ሰሌዳውን አዩት።

"ምንድን ነው ይኼ?"

እጮኛዬ ጠመኔውን ከኋላው ደበቀ። መዋሸት አይሆንለትም። ባልደረባዬ ናት የደረሰችልን፤ "ኮረብታ ነው፣ ጓድ። ለእርከን ሥራ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ እያሰላን ነው።"

ያን ጊዜ በየኮረብታው ላይ እርከን ይሠራ ነበር፤ እኛም ተማሪ ይዘን እንወጣ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቀረብ ብለው በጥሞና ተመለከቱና ጣታቸውን የድንቹ ጫፍ ላይ አሳረፉ።

"እዚህ ላይ አሳስታችሁታል" አሉ። "ጎርፍ የሚነሳው ከአናቱ ነው። አናቱ ላይ ጨምሩበት።"

በሩን ዘግተው ሲሄዱ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ወንበር ላይ ወደቅን።

ሒሳቡ ግን ተሠራ። ባልደረባዬ የእህቷ ሠርግ ጊዜ ያሰፋችው እስር ሲዘረጋ ጥብጣቡ ከሁለት ክንድ በላይ እንደነበር አስታወሰች። እሱ ደምሮ አካፍሎ "ሦስት ይበቃል፤ ለመጠባበቂያ አራት ይሁን" አለ። ማታ ለእናቴ ስነግራት "ለድግስ የሚሆን ነገር በልክ አይገዛም፤ ጨምሩበት" አለችኝ። በማግስቱ ያለችውን ለእጮኛዬ ነገርኩት።

"አራት ብያለሁ እኮ፤ አንዱ ትርፍ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ድንቹ ላይ ምንም ስሕተት አልነበረም።

አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። ሱቅ ውስጥ ሴቶች መካከል ቆሞ ጸጉር ሲገዛ ላብ በላብ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል። ሻጯ "አጭሩን ነው ረጅሙን?" ስትለው ደረቱን ነፍቶ "ረጅሙን!" አላት። ለሙሽሪት አጭር ጸጉር የሚገዛ ማን አለ? አራት እስር ረጅም ጸጉር በጋዜጣ ጠቅልሎ በባልደረባዬ እጅ ላከልኝ።

ጋዜጣውን ቤት ፈታነው። ጸጉሩ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከወገብ የሚደርስ ነበር። እናቴ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

"የማን ነው?" አለች።

"የማንም አይደለም፣ እማማ" አለች ባልደረባዬ። "ፋብሪካ የሠራው ነው፤ እንደ ናይለን።"

"የሞተች ሴት ጸጉር አይደለም?"

"አይደለም።"

እናቴ አነሳችው፤ አሸተተችው፤ በእጇ መዘነችው። ከዚያ የራሷ ትከሻ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞር አለች። እናቴን እንደዚያ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የልጅነት ፊቷ ለአንድ አፍታ ብቅ ብሎ ጠፋ።

የሠርጉ ዋዜማ ዕለት ከምሳ በኋላ ስፌቱ ተጀመረ። ደጅ ላይ ዳሱ ተጥሏል፤ ሴቶች ወጥ ያማስላሉ፤ ወንዶች እንጨት ይፈልጣሉ። እኛ ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋን። ባልደረባዬ ጸጉሬን ጎነጎነችው፤ እንደ ገብስ ማሳ ትልም በትልም ሆነ። ከማጅራቴ ጀምራ ትሰፋ ጀመር። መርፌው ሲያልፍ ትንሽ ይስበኛል እንጂ አያምም። የመጀመሪያው እስር ሲያልቅ ማጅራቴ ገና አልተሸፈነም ነበር። ሁለተኛውን ፈታች። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛውን ስትፈታ "ምን ሆነሻል?" አልኳት፤ መተንፈሷን አቁማ ነበርና።

"ምንም። አቀርቅሪ።"

አራተኛው ሲያልቅ መርፌዋን አስቀመጠች። እጄን ሰደድኩ። ከጆሮዬ በታች ጸጉሩ እንደ ወንዝ ወገቤ ድረስ ይወርዳል። ከጆሮዬ በላይ ሹሩባ ብቻ ነው፤ ጭው ያለ። መስታወት ሰጡኝ። ከታች ሙሽራ፣ ከላይ መነኩሴ ነበርኩ።

"እንዴት?" አልኩ። "አራት አይደል ያልነው?"

ባልደረባዬ የተሰፋውን ጥብጣብ በጣቷ እየተከተለች አየችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔ ያሰፋሁት አጭሩን ጸጉር ነበር" አለች። "እስሩ ሁሉ ክብደቱ አንድ ነው። ጸጉሩ ሲረዝም ጥብጣቡ ያጥራል። ወይኔ! ስንት እስር ስንል ስለ ርዝመቱ ማንም አላሰበም!"

አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ሠርጉ ነገ ጠዋት ነው። እንባዬ መጣ። ለተስቦው ያልመጣው እንባ ለጸጉር መጣ። እናቴ ይህን ስታይ ወጣችና ለበርኖስ ያዘጋጀችውን ጥቁር የበግ ጸጉር ታቅፋ ተመለሰች።

"ይኼስ? ጥቁር አይደል? ሙሉበት።"

ባልደረባዬ ሌላ ሐሳብ ስላልነበራት ጥቂቱን ወስዳ አናቴ ላይ አደረገችው። በጓዳው ጨለማ የሚመስል መሰለን። በሩን ከፈት አድርገን በብርሃን ስናየው ቀላ ብሏል፤ ተጠቅልሏል፤ ሽታውም የማን እንደሆነ ይናገራል። እናቴ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝ። አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልሆነላትም።

"ነገ በግ ሊታረድልሽ ነበር፤ አንቺው በግ ሆንሽ!" ብላ ፈነዳች።

ባልደረባዬ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ከደጅ "ምን ሆናችሁ?" እስኪሉን ድረስ። ሳቁ ሲበርድልኝ ጭንቅላቴም ጠራልኝ።

"ቁረጪው" አልኳት።

"ምኑን?"

"ከትከሻዬ በታች ያለውን። የተቆረጠውን ለላዩ እናደርገዋለን።"

"ጥብጣብ የለውማ!"

"እኛ እንሠራለታለን። የመርፌ ሥራ አስተማሪ እኮ ነኝ።"

መቀሱን አንስታ ሦስት ጊዜ አማተበች። እጮኛዬ ላብ በላብ ሆኖ የገዛውን ረጅም ጸጉር ለመቁረጥ እጇ እንቢ ብሏት ነበር። ከዚያ ቆረጠችው። እናቴ ከአሮጌ ጥቁር ቀሚሷ ገበር ላይ ቀጫጭን ቁራጭ ቀደደች፤ የተቆረጠውን ጸጉር ጉልበቷ ላይ በትናንሽ እፍኝ እየለየች ታቀብለኛለች፤ እኔ በጨርቁ ላይ አጥፌ እመልስና እሰፋለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ ያለቀውን ተቀብላ አናቴ ላይ ትሰፋለች። ሦስታችን እንደ ሸማኔ ቤት ሆንን። የሠርጌ ዋዜማ የራሴን ጸጉር በራሴ እጅ ሰፋሁ። ከብቶቹ ሲገቡ ጨረስን። ጸጉሬ ከትከሻዬ ላይ ያርፋል፤ ሞላ ብሎ፣ ወፍሮ። እናቴ በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ አየችው።

"ይህን የሚነቅል ነፋስ ካለ አያለሁ" አለች።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ነፋሱ እንደ ልማዱ ነበር፤ ነጠላ ይገልባል፤ የቄሶቹን ጥላ ያዞራል። ጸጉሬ ግን ንቅንቅ አላለም። ከሴቶቹ መካከል አንዷ "ተስቦ ጸጉሯን ጨርሶታል ሲሉ አልነበር? የሰው ወሬ!" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አጠገቤ የቆመው ሙሽራዬ ደጋግሞ በዓይኑ ጥግ ያየኛል። ዲያቆኑ ፊቱን ሲያዞር ጎንበስ አለና

"እስከ ወገብ የሚደርስ ነበር የገዛሁት። የት አደረሳችሁት?" አለኝ።

"አናቴ ላይ" አልኩት።

ገባው። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ መሬት መሬት አየሁ።

ከተክሊሉ በኋላ የባሌ አባት ቄሱ መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ መጡ። የተከበሩ፣ የሚፈሩ ሰው ናቸው። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ጸጉሬን አዩና "ፈጥኖ አደገ፣ ልጄ" አሉኝ። እንደ ዋዛ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ስፍራ አልቻልኩም።

"የተገዛ ነው፣ አባ" አልኳቸው።

ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱ።

"እኔስ ጥምጣሜን ገዝቼ አይደል?" አሉ። "ነፍስሽን እግዚአብሔር ሰጠን፤ ለራስሽ ክዳኑን ገበያ ቢሰጠው ምን አለበት።"

ከጫጉላው ወራት ብዙ ደግ ነገር አስታውሳለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን የማስታውሰው ማሳከኩን ነው። ስፌቱ ሥር ሲያሳክከኝ ጣት አይገባም። ባልደረባዬ "በመዳፍሽ ጠፍ ጠፍ አድርጊው" ብላኛለች። እንግዳ ፊት ተቀምጬ ራሴን ጠፍ ጠፍ ሳደርግ የባሌ እናት ራስ ምታት መስሏቸው በየቀኑ የዳማከሴ ቅጠል ያስሸትቱኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በቃኝ አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ባሌ ከኋላዬ በርጩማ ስቦ ምላጭ ይዞ ስፌቱን ይፈታ ጀመር። የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ አንድ ክር እየመረጠ። የመጨረሻው ጥብጣብ ወርዶ ሹሩባው ሲፈታ ብርዱ ራሴን ነካኝ፤ ከሥሩ የራሴ ጸጉር በቅሎ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ ጆሮዬን ሊሸፍን ደርሷል።

"ምን ላድርግልሽ አሁን?" አለኝ።

"እከክልኝ" አልኩት።

በዐሥሩም ጣቶቹ አከከልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን፣ በዚያ ጠዋት ከእኔ በላይ ደስተኛ ሴት በመንዝ ያለች አይመስለኝም ነበር።