የትኛው ካሳሁን?

ትናንት ቅዳሜ፣ እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ፀጉር ቆራጩ ሙክታር የሐረር ልጅ ነው፤ ወሬ ይወዳል። ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ፣ እንደ ከተማው ሰው በፈረንሳይኛ ሰላም ብሎ፣ «ሳቫ፣ ደሜ? ደብረ ዘይታችሁ ደረሰ ማለት ነው?» አለኝ። እሱ ሙስሊም ነው። ቢሆንም በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የጌታ ዳግም ምጽአት ከሚታሰብበት እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ እንደምመጣ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም።

«ደርሷል» አልኩት።

«እንግዲያው ሙልጭ ላድርግህ፣ ጌታህ ሲመጣ በሩቁ እንዲለይህ» ብሎ ሳቀ።

መቀሱ ጆሮዬ አጠገብ ሲንኮሻኮሽ ያ ቀን መጣብኝ። ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ወረቀት ላይ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። በዝግታ ይሁን።

ወንድሜ ካሳሁን ይባላል። ይባል ነበር። ይህን «ነበር» እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። የአባታችን ወንድም በመሬት ጠብ ተገድሎ ስለነበር አባታችን የመጀመሪያ ልጁን ካሳሁን፣ እኔን ደመላሽ አለን። በእኛ አገር፣ በቆቦ በኩል፣ ስም እንዲህ ነው የሚወጣው። በኋላ የአጎታችን ደም በሽማግሌ ታረቀ፣ አባታችንም ሞተ። ስማችን ግን እንዳለ ቀረ።

ካሳሁን ወደ ሳዑዲ ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከዚህ ከተማ አንድ ፎቶ ላከልኝ። አርሂባ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ በር ላይ ቆሞ፣ ፉል የተጠቀጠቀበት ግማሽ ባጌት ዳቦ ይዞ ይስቃል። ትከሻው ላይ እጁን ጣል ያደረገበት ሰው ደላላው ሲሳይ ነው። «የአገራችን ልጅ ነው፣ አታስቡ» ብሎ ጽፎበታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መርዶ ነው። ከባሕሩ ተርፎ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነገረን። ጀልባዋ ተሻጋሪ ከሚጫንበት ከኦቦክ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ የጥበቃ መርከብ መብራት ታየ። አብሯቸው የተሳፈረው ሲሳይ በዚያ በለስላሳው የወሎ አማርኛ፣ «ዝለሉ ወንድሞቼ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ነው» አላቸው። በሌላ ቋንቋ ቢናገር ኖሮ ባላመኑት። ካሳሁን ቀድሞ ዘለለ። ውሃው እስከ ጉልበት አልነበረም።

ደሙን ሳልመልስ ፀጉሬን ምላጭ አይነካውም ብዬ ማልኩ። ይህም የአገራችን ወግ ነው፤ ደም መመለስ ያለበት ሰው ፀጉሩን ያሳድጋል፣ አይቶ የሚያውቅ ያውቃል። እናቴ፣ «ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ባሕሩ ሊበላብኝ ነው?» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እሷን አልፌ ወጣሁ።

ጅቡቲ የገባሁት በበጋው እሳት፣ ያ አሸዋ የሚያዘንበው ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ ነበር። ፀጉሬ ራሴ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ከበደኝ። ሲሳይ በኦቦክና በከተማው መካከል ይመላለሳል አሉኝ። አሳድጄ ከማጣው የሚመጣበት ቦታ ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ይሻላል አልኩ። ጫት ይወዳል። ስለዚህ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ጫት ከሚሸጡት ከእማማ ዘይነባ ዘንድ ተቀጠርኩ። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአምስት ቋንቋ የሚሳደቡ።

ሥራዬ ጆንያ ማርጠብ ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው ይባላል እንጂ ሰዓቱን የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ቀን ይቀድማል፤ አንዳንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ ሰዉ ሁሉ አፉ ደርቆ፣ ጠብ ጠብ እያለው ይውላል። ጆንያው ግን ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ቅጠሉ በዚያ ሙቀት ደረቅ ጆንያ ላይ ካረፈ ወዲያው ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ደግሞ ፍየል እንጂ ሰው አይገዛውም።

አንድ ጊዜ፣ «ዛሬ ይዘገያል ብለዋል፤ ሲቃረብ አረጥበዋለሁ» አልኳቸው።

«ማነው ያለህ? መኪናው ደወለልህ?» አሉኝ። «የመኪናውን ጥሩምባ ሰምቶ ወደ ቧንቧ የሚሮጥ የሰነፍ ልጅ ነው። አርጥብ! ሲደርቅ ደግመህ አርጥብ!»

አረጠብኩ። በልቤ ግን የምጠብቀው ሌላ ነበር። የጫቱን እስር ገመድ የምቆርጥባት ትንሽ ቢላ ነበረችኝ፤ በየማለዳው እስላት ነበር። ጫት ልቁረጥባት አልነበረም የምስላት። እንዴት እንደምወጋው፣ ከመውደቁ በፊት የወንድሜን ስም እንዴት ጆሮው ውስጥ እንደምጨምር እያሰብኩ አመሻለሁ። ይህን ሳስብ የምበላው ይጣፍጠኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ምንም አይጣፍጠኝም።

ጾሙ ገባ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ ግን ከደጅ። የንስሐ አባቴ አባ ኪዳኔ ፀጉሬን ካዩ ጀምሮ፣ «ይህን ጭነህ ወደ ቁርባን አትቀርብም» ብለውኛል። ስለ አሥሩ ቆነጃጅት ሲያስተምሩ ከውጭ እሰማለሁ፤ ሙሽራው ዘገየ፣ አምስቱ ዘይት አልያዙም። እኔ ይዣለሁ እል ነበር በሆዴ። ስንት ወር ሙሉ እንቅልፌን አጥቼ የጠበቅኩ እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ የተዘጋጀ ማን አለ? የምጠብቀው ማንን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ከደብረ ዘይት በፊት ባለው ቅዳሜ ጫቱ ዘገየ። ሰዉ ጠረጴዛችንን ከብቦ ይገፋፋል። መጨረሻ ላይ ጥሩምባው ተሰማ፣ መንደሩ ሁሉ እልል አለ፣ እስሩ ተራገፈ። ገመድ እየቆረጥኩ ቀና ስል ፎቶው ላይ ያለው ፊት ከፊቴ ቆሟል።

ሳየው ቀለለኝ።

ሲሳይ ቅጠል መረጠ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ራሴን አየ። ጺሜን አየ። የአገሩ ሰው ነውና ገባው።

«ኧረ! የማን ደም ነው የተሸከምከው፣ ወንድምዓለም?» አለኝ፤ የዘመድ ለቅሶ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብሎ።

ይህን ጥያቄ ለወራት ተለማምጄዋለሁ። «የካሳሁን» አልኩ።

አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ከዚያ፣

«የትኛው ካሳሁን?» አለኝ።

እየዋሸ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፈርቶ ቢሆን፣ ቢሸሽ። አያስታውሰውም። ስንት ካሳሁን እንዳዘለለ እንጃ! የእኔው ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቢላዋ እጄ ውስጥ ነበረች፤ ደረቱ ክንዴ ከሚደርስበት ቅርብ። እንግዲህ ብወጋው ለምን እንደሞተ ሳያውቅ ሊሞት ነው። ያን ሁሉ የሳልኩት ለዚህ ነው? ክንዴን ግን አነሳሁ።

«ደመላሽ!» አሉ እማማ ዘይነባ በመላ ድምፃቸው። «ጆንያው ደረቀ! አርጥበው!»

እጄ ታዘዘ። ይህን ለማንም ስነግር ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። ለወራት በዚያ ድምፅ ስላረጠብኩ እጄ ቢላዋን ጥሎ ጣሳውን አነሳ። ሲሳይ ከትከት ብሎ ሳቀ።

«ስምህም ደመላሽ ነው? አይ የአገሬ ሰው! ደሙን በጣሳ ነው እንዴ የምትመልሰው?» አለና ቅጠሉን ብብቱ ሥር ወሽቆ በሰዉ መካከል ጠፋ። ልከተለው ስል እማማ ዘይነባ ቢላዋን በእግራቸው ረግጠው፣ ፀጉሬን ከነሥሩ ጨብጠው ይዘውኛል።

ገበያው ሲረግብ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባው የቁጭት እንጂ የጸጸት አልነበረም። እማማ ዘይነባ ዳቦ ሰጡኝ፤ አልበላሁም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እናንተም ጌታችን ይመጣል ትላላችሁ፣ እኛም ነቢዩ ኢሳ ይወርዳል እንላለን። ድንገት ዛሬ ቢመጣ ይህን ቢላ ይዘህ ሊያገኝህ ነው? ያን ሁሉ ወር የማንን ጆንያ ነው ስታረጥብ የኖርከው?»

ተነስቼ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ይቅር ብዬ አይደለም። ዛሬም አላልኩም። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ሰው ካሳሁን የትኛው እንደሆነ ሊያስታውሰው የሚችል አንድ ዳኛ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ አይደለሁም። በማግስቱ ለአባ ኪዳኔ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«በዚያ ቀን ከሳሽ ሆኜ መቆም እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «እጄ ደም ነክቶ ከሱ ጋር በግራ ብቆም ማን ይከሰዋል?»

አባ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይህ ንስሐ አይደለም ልጄ፤ ቀጠሮ ነው።»

«ታዲያ ቀጠሮው ለምን ይረዝማል?»

«ለሱ ነው የሚዘገየው፤ ምናልባት ይመለስ እንደሆነ» አሉኝ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ «ላንተም» አሉ።

ይህን መልስ ጠላሁት። አሁንም ደስ አይለኝም። ቢሆንም «በቀጠሮው ጀምር» አሉኝ እንጂ አላባረሩኝም።

እነሆ ዓመታት ሄዱ። አሁን ሆዳን ውስጥ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ሴራሚክ አነጥፋለሁ። እናቴን በየሳምንቱ አወራታለሁ። ሲሳይ በሕይወት አለ። በቀደም ካርቲየ 1 አየሁት፤ ወፍሯል፣ ደልቶታል። በአጠገቤ አለፈ፤ ፀጉሬ አጭር ስለሆነ አላስተዋለኝም። መንገድ ዳር ቆሜ እስኪሰወር አየሁት። አንዳንዴ የምፈራው ሌላ ነው። ከፍርዱ ቀን በፊት ንስሐ ቢገባስ? ምሕረት አግኝቶ በቀኝ ቢቆም፣ ከካሳሁን ጎን? ይህን ሳስብ ጸሎቴ አፌ ላይ ይደርቃል። ለምን እንደዘገየ ጌታ ያውቃል ብዬ ደግሜ እጀምራለሁ፤ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርኩ፤ ደጅ አልቀረሁም። ያው የቆነጃጅቱ ትምህርት ነበር። እንደ ጫቱ መኪና ሙሽራውም መቼ እንደሚመጣ አይደውልልኝም። ሲመጣ ግን ያ ሰው ይጠይቃል፣ የትኛው ካሳሁን ብሎ። ጌታም ካሳሁንን በእጁ ይዞ፣ ይኸኛው ይለዋል። ያን ጊዜ ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ። ሰውየው ሲሰማ ቢያለቅስ እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም።

እስከዚያ ጆንያው ይደርቃል፤ ደግሜ አረጥበዋለሁ።